ሦስት ጊዜ የሚጠራ ስም፦ የወይዘሮ አርዲስ ሆስኪን ማክላሪ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዲስ ሆስኪን ማክላሪ ከአባታቸው ከአቶ ኦሪን ሆስኪንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈርን ቴትሎው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1954 በዋባሽ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሎውሪ ቤንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቦይለር በያጅ፣ እናታቸው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ቤት በሁለት ነገር አይቀለድም ነበር፤ አንዱ የእሑድ ጸሎት፣ ሌላው ሰዓት ማክበር ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው መርል ሆስኪን ነው። በሟች ፊት ደግ ደጉን ብቻ መናገር ወግ እንደሆነ አይጠፋውም። ነገር ግን እህቱ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አስጠርተው «ስህተቴን ዘለህ የምታነብ ከሆነ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጠው» ስላሉት፣ ኑዛዜ ነውና አይዘለልም። ቅር የሚለው ካለ ቅሬታውን ለሟች ያቅርብ፤ በሕይወት ሳሉም አቅርቦ ያሸነፈ የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሎውሪ ቤንድ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እ.ኤ.አ. በ1972 በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። የመምህራን ኮሌጅ ተቀብሏቸው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር እናታቸው ወጥ ቤት ውስጥ እንደቆሙ ወድቀው በዚያው አረፉ። መርል የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባታቸው ለቦይለር ጥገና ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ሰው ስለነበሩ፣ አርዲስ ሻንጣቸውን ፈትተው ልብሳቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ያን ኮሌጅ ሲያነሱ የሰማ የለም።

ወንድማቸውን አጥበው፣ አብልተው፣ ትምህርት ቤት እያደረሱ አሳደጉት። አሳደጉት ሲባል አቀማጠሉት ማለት አይደለም። መኪናዋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ትነሳለች ካሉ ትነሳለች። አንድ ቀን ጫማውን ሲፈልግ ቆይቶ በር ላይ ሲደርስ መኪናዋ አስፋልቱን ይዛ ነበር፤ በዚያ ብርድ አምስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ። ማታ ሲመለስ ትኩስ ሾርባ አቀረቡለት እንጂ ይቅርታ አልጠየቁትም።

እ.ኤ.አ. በ1975 በቦይለር ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ የተራ መዝገቡ ጠባቂ ሆኑ። ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች ይህን መግለጽ ያስፈልጋል። የአዳራሹ ሰው ቋሚ ቀጣሪ የለውም። በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር፣ እሳቱን አጥፍቶ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠውን ቦይለሩን ሲያስጠግን ለአዳራሹ «ሰማንያ ሰው ላኩልኝ» ይላል። ማን እንደሚላክ የሚወስነው መዝገቡ ነው። አርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሩ ይከፈታል፤ ስም በተራ ይጠራል። ተጠሪው «አለሁ» ካለ ይላካል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ድምፁ ካልተሰማ ስሙ ላይ በማስመሪያ መስመር ይሰመርበትና ወደ መጨረሻው ይወርዳል። ስም በቀለም፣ መስመር በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ያረፈደ ሰው ነገ ይመለሳልና። አባል ሲሞት ደግሞ በቀብሩ ዕለት ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ማንም አይመልስም፣ ከቤተሰቡ አንዱ ተነሥቶ መስመሩን በቀለም ያሰምራል።

ወይዘሮ አርዲስ ይህን መዝገብ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። በእነዚህ ዓመታት ለአማቹ፣ ለወንድሙ ልጅ፣ ለጎረቤቱ ተራ ሊያስቀድም ያልሞከረ ሰው በጣት ይቆጠራል። ጣፋጭ ፓይ ጋግረው የመጡ እናቶች ነበሩ። ፓይውን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ቆርሰው ያድሉና ተራው እንደነበረ ይቀራል። ሰዎች «የአርዲስ መዝገብ» ሲሉ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ነበር የሚሉት።

እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1976 ከበቆሎ ገበሬው ከአቶ ጌይለን ማክላሪ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ኮሪንና ታድ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። አቶ ጌይለን ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ለሁለት ይናገሩላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቀድመዋቸው አርፈዋል። ልጃቸው ታድ ትምህርቱን እንደጨረሰ በሎውሪ ቤንድ ማመንጫ የከሰል ግቢ ውስጥ በቋሚነት ተቀጠረ። ይህች ነገር ኋላ ትመጣለችና ልብ ትባል።

በከተማችን የማመንጫው ሰውና የአዳራሹ ሰው ሳይተራረቡ አንድ ማዕድ ላይ የአምባዛ ዓሣ በልተው አያውቁም። እነሱ እኛን የአዳራሹን ሰዎች «ወፎቹ መጡ» ይሉናል፤ መጥተን፣ ሠርተን፣ ብን ስለምንል ነው። እኛም «የገዛ ቦይለራችሁን መክፈት የማትችሉ» እንላቸዋለን። የእነሱ ስም በማመንጫው ፔሮል፣ ማለትም በቋሚ ደመወዝተኛው ዝርዝር፣ ላይ አለ። የአዳራሹ ሰው ግን «የማን ሠራተኛ ነህ?» ሲባል ደረቱን ነፍቶ «የማንም አይደለሁም፤ የመዝገቡ ነኝ» ይላል። አባታችንም እንዲሁ ይሉ ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ይህን ኩራት ከእናት ጡት ጋር ነው የጠቡት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ለግዛታችን ምክር ቤት ተወዳድረው አሸነፉ፤ በተከታታይም አራት ጊዜ ተመረጡ። ምክር ቤቱ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ የሚሰበሰብ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በዋና ከተማው ይውሉና አርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ መዝገቡ ፊት ይገኛሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ መንገድ ነው። አርብ ስም ሳይጠሩ የቀሩበት ጊዜ የለም።

በዚያን ጊዜ በሎውሪ ቤንድ ስለ ንጹሕ ኃይል ያወራ ሰው ፊት ይነሳ ነበር። ግማሹ ከተማ የሚበላው ከከሰል ነዋ። ወይዘሮ አርዲስ ከሰል እንደሚቀር ከሁላችንም ቀድመው አወቁ፤ ያወቁትም ከጋዜጣ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። ማመንጫዎቹ የሚጠይቁት ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት ሲያንስ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። «መምጣቱ ካልቀረ እኛን ሳይረግጥ ይምጣ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ግዛቱ የንጹሕ ኃይልና የሥራ ሕግ ሊያወጣ ሲነሳ፣ ወዳጆቻቸው ሁሉ ከተቃዋሚዎች ጋር ሲቀመጡ፣ እሳቸው ከአርቃቂዎቹ ጋር ተቀመጡ።

ሕጉ የከሰል ማመንጫዎች የሚዘጉበትን ጊዜ ይወስናል፤ በአሮጌው የማዕድን መሬት ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫና የባትሪ ማከማቻ እንዲሠራ ያዝዛል። ወይዘሮ አርዲስ በዚያ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ማመንጫው ሲዘጋ ሥራ የሚያጡ ሠራተኞች በአዲሱ ሥራ ከማንም በፊት ይቀጠሩ፣ እስኪሠለጥኑም ደመወዛቸው አይቋረጥ የሚል ነው። ለዚያች አንቀጽ ሲሉ ሁለት ክረምት ሙሉ ከአዋቂ ጠበቃ ጋር ተሟግተዋል። በዋና ከተማው «የአርዲስ አንቀጽ» ነበር የሚሏት።

አሁን ስህተቱ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 የምክር ቤቱ ኮሚቴ አንቀጿን ሲመረምር፣ ከአዳራሹ አርባ ሰዎች የሥራ ጃኬታችንን ለብሰን በአውቶብስ ሄደን ላይኛው ሰገነት ላይ ተቀመጥን። «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ማንን ማንን ይጨምራል የሚለው ጉዳይ ተነሳ። አንድ የኮሚቴ አባል በክፋት ሳይሆን ለማወቅ ብለው «ተወካይ ማክላሪ፣ የአዳራሽዎ ሰዎች የማመንጫው ሠራተኞች ናቸው?» ሲሉ ጠየቋቸው።

ወይዘሮ አርዲስ ቀና ብለው ወደ ሰገነቱ አዩን። «አይደሉም። የማንም ሠራተኞች አይደሉም፤ የመዝገቡ ናቸው» አሉ።

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ሰብሳቢው በመዶሻ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጸጥ እስኪያሰኙን ድረስ አላቆምንም። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ይህን የጻፈው ወንድማቸው ነው። ቃሉ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሕጉ በሜይ ወር ሲጸድቅ «ሠራተኛ» ማለት «መዘጋቱ በተነገረበት ዕለት ስሙ በማመንጫው ፔሮል ላይ የሚገኝ» ተብሎ ተጻፈ። ከአርባዎቻችን አንዳችን እንኳ ምን እንደተባለ አልገባንም። ሕጉ በጸደቀ ሰሞን አዳራሹ አምባዛ ጠብሶ ከተማውን ጋበዘ፤ ወይዘሮ አርዲስም የጠበሳውን ሽርጥ አሥረው ሲያስተናግዱ ዋሉ።

የሎውሪ ቤንድ ማመንጫ እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ተነገረ፤ በኦክቶበር 2022 እሳቱ ጠፋ። የአዳራሹ መዝገብም ያን ጊዜ ታጠፈ። በቀጣዩ ወር በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ አርዲስ ተሸነፉ። ሌላው ወረዳ ቢነፍጋቸው ባልከፋ፣ የነፈገቻቸው የገዛ ከተማቸው ናት። «ማመንጫውን የዘጋችው እሷ ናት» ተባለ። ሕጉ ኖረም አልኖረም ያ ያረጀ ማመንጫ ከጥቂት ዓመታት በላይ እንደማይቆይ ባለቤቶቹ ራሳቸው ተናግረው ነበር፤ ግን ሆድ የባሰው ሰው ማስረጃ አይሰማም።

በአሮጌው የማዕድን መሬት ላይ የፀሐይ ኃይሉ ሥራ ሲጀመር የማመንጫው ሰዎች በቅድሚያ ተጠሩ፤ ታድም ከእነሱ ጋር ገባ። እኛም ማመልከቻ አስገባን፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። በፌብሩዋሪ 2023 መልሱ መጣ። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነበር፦ ተወካይ ማክላሪ በቃላቸው እንዳረጋገጡት የአዳራሹ አባላት የማንም ሠራተኞች ስላልሆኑ መብቱ አይመለከታቸውም ይላል። ወይዘሮ አርዲስ ደብዳቤውን አዳራሹ ውስጥ ቆመው አነበቡ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ወቀሳ የሰነዘረ አልነበረም። ሁላችንም ያን ቀን ያጨበጨብንበትን እጅ ኪሳችን ውስጥ ከተትን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ቤቱን ሸጦ የሄደ አለ። ቴክሳስ የነዳጅ ማጣሪያ ሄዶ በወር አንዴ ልጆቹን የሚያይ አለ። አንዱ በተከራየበት ክፍል ብቻውን ሞቶ ስሙን እዚህ አምጥተን ጠራነው። ከተማው ውስጥ «ልጇን አስገብታ በአዳራሹ ወንድሞቿ ላይ በር ዘጋች» የሚል ወሬ ተነዛ። መርል ያኔ ስለ እህቱ ተከራክሯል። ይህም ይጻፍ፤ ኋላ የሚጻፍ ሌላ አለና።

ሳንባቸው እየጠጠረ ትንፋሽ ማጠር የጀመራቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ እንዲያርፉ መከሯቸው፣ እሳቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የኦክስጅን ጠርሙሳቸውን በትንሽ ጋሪ እየጎተቱ ወደ ዋና ከተማው ተመላለሱ። ቀድሞ ሲያልፉ ሰው የሚነሳላቸው ሴት፣ አሁን ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ለወጣት ተወካዮች ይጠብቁ ነበር። የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የፔሮሉ ቃል ይስተካከል፣ የአዳራሹ መዝገብም እንደ ማስረጃ ይቆጠር።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ጉዳዩ ወደዚያው ኮሚቴ ተመለሰ። እሳቸውም ለምስክርነት ተጠርተው ያችኑ ጥያቄ ተጠየቁ፤ የአዳራሹ ሰዎች የማመንጫው ሠራተኞች ነበሩን? ሰገነቱ ላይ የነበርነው ዘጠኝ ብቻ ነን። ወይዘሮ አርዲስ አየር እስኪያገኙ ቆዩ።

«ነበሩ» አሉ። «ያን ማመንጫ አባቴ አቆመው፣ ወንድሜ ሃያ ስድስት ዓመት ጠገነው። የዛሬ አምስት ዓመት ጠይቃችሁኝ በኩራት መለስኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በእነሱ አትፍረዱ።»

እህቱን እዚያ ወንበር ላይ እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው ማየት ለመርል ከደብዳቤው ይልቅ ከበደው። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።

ማሻሻያው በሜይ ጸደቀ። ነገር ግን በመጨረሻው ሳምንት ድርድር አንድ ሁኔታ ተጨመረበት። መብቱን የሚያገኘው መዘጋቱ ከመነገሩ በፊት በነበሩት ሁለት የጥገና ወቅቶች፣ ማለትም በ2020 መኸርና በ2021 ጸደይ፣ በሁለቱም ወደ ማመንጫው መላኩ በመዝገቡ የተረጋገጠለት ብቻ ነው። ወይዘሮ አርዲስ ይህን እንደሰሙ መዝገቡን መግለጥ አላስፈለጋቸውም። ለመርል ደውለው «አንተ የለህበትም» አሉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በአንዱ አርብ ጠዋት፣ ስም በሚጠራበት ሰዓት መርል አዳራሹ ደጅ ነበር። ለጀልባው አዲስ ሞተር ገዝቶ በመኪናው ጀርባ ጭኖ ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር። ተራው ቅርብ እንደሆነ ያውቃል። ጠሪዋ ደግሞ እህቱ ናቸው፤ ቢያንስ በበሩ ብቅ ብለው ይጣሩልኛል ብሎ ተዝናና። ሲገባ መስመሩ ተሰምሯል። በዚያን ጊዜ የከፋ ነገር አልነበረም፤ እየሳቀ ሌላ ግዛት ሄዶ ሠራ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ጥገና ያልቀረበት ሰው አንዲት ጸደይ ቀረችበት፤ እሷው ሆነች የተቆጠረችው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

መዝገቡ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ከመላኩ በፊት፣ በጁላይ 2024፣ መርል እህቱ ቤት ሄደ። መዝገቡ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስሙ በቀለም፣ መስመሩ በእርሳስ ነበር።

«አርዲስ፣ አንዲት የእርሳስ መስመር ናት። በላጲስ ትለቃለች» አላቸው።

«ትለቃለች» አሉ። «ታዲያ ነገ ስለ ሌሎቹ ስሞች አስቀርበው ሲያስምሉኝ በምን አፌ ልማል?»

«እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ለዚያ ነው ይህን ስትጠይቀኝ ያፈርኩት።»

መርል ያን ጊዜ የተናገረውን መናገር አልነበረበትም። «የልጅሽ ስም ቢሆን መስመሩን ታጠፊው ነበር» አላቸው። እሳቸው እጃቸውን መዝገቡ ላይ እንዳሳረፉ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እሱም በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ደጃቸውን አልረገጠም። የምስጋና በዓል አለፈ፣ ገና አለፈ። ኮሪን ስትደውል ስልኩን አላነሳም። መዝገቡም መስመሩን እንደያዘ ተላከ።

በሴፕቴምበር የስም ዝርዝሩ ወጣ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አንድ መቶ ሰባ ሦስቱ ተቀባይነት አገኙ። ሠላሳ ዘጠኙ ቀሩ፤ የታመመ አለባቸው፣ ልጅ ያስታቀፈች ሚስት አጠገብ የዋለ አለባቸው፣ የጀልባ ሞተር ያሳየ አለባቸው። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ከስም ዝርዝሩ ጋር ባያያዙት ማስታወሻ፣ በመዝገቡ ውስጥ በጠባቂዋ የገዛ ወንድም ስም ላይ ጭምር መስመር በማየታቸው ሌሎቹን ስሞች ያለ ተጨማሪ ጥያቄ እንደተቀበሉ ጽፈዋል። ይህን ማስታወሻ ለመርል የላከለት ታድ ነው። መርል አንብቦ አጥፎ መኪናው ውስጥ አስቀመጠው። ከአንድ መቶ ሰባ ሦስቱም እስከ ዛሬ ሥራ የጀመሩት ስልሳ አንድ ናቸው። ፀሐይ ቦይለር ስለሌላት ሥልጠናው ጊዜ ይወስዳል ይባላል።

በጃንዋሪ 2025 ታድ፣ መርል በሌላ ግዛት ሥራ ያገኘበት የነዳጅ ማጣሪያ ደጃፍ ድረስ መጥቶ «ለአንተ የቆየ ነገር አላት፤ ለእኔ አትነግረኝም» ስላለው መርል ስድስት ሰዓት ነድቶ መጣ። ወይዘሮ አርዲስ ከአልጋ አይነሱም ነበር። ሰውነታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ሰዓት የሚቆጣጠር ዓይን ነው። የዚህን ጽሑፍ ኑዛዜ ከሰጡት በኋላ ያላሰበውን ነገሩት።

«ያን አርብ መስኮቱ ክፍት ነበር» አሉት። «ሳቅህ ይሰማኛል። ለሌሎች ሁለት ሦስት ጊዜ በበሩ ወጥቼ ጠርቼ አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ላንተ ግን ወንድሜ ስለሆንክ አልወጣሁም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

መርል ተናዶ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይናደዳል። የኦክስጅኑ ቱቦ ከጆሯቸው ወርዶ ስለነበር አስተካከለላቸው። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ጀመር፤ ሾርባ የማቅረቡ ተራ የእሱ ሆነ። ስለ መዝገቡ ደግመው አልተነጋገሩም። በመጨረሻው ጉብኝት ብቻ እጁን ይዘው «ስሜ ሲጠራ ደጅ እንዳትቆም» አሉት።

ወይዘሮ አርዲስ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. እሑድ ማርች 9 ቀን 2025 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ። ሰዓቱን ያየችው ኮሪን ናት፤ መኪናዋ እንደምትነሳ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከኋላቸው ልጃቸውን ወይዘሮ ኮሪንን፣ ልጃቸውን አቶ ታድን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን መርልን ትተው አልፈዋል። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስማቸውን የጠሯቸው ወንዶችና ሴቶችም ቤተሰብ ናቸው፤ ሥራ ያገኙትም፣ ያላገኙትም። ስለ ሠላሳ ዘጠኞቻችን ጉዳይ እስካሁን የሚከራከር ተወካይ አልተገኘም። ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ነው፤ መቀመጥ የሚፈልግ ካለ መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

እግዚአብሔር የእጃቸውን ቅንነት ይቁጠርላቸው፣ የአንደበታቸውን ኩራት ይቅር ይበላቸው፤ እሱ ባለበት ደጅ የሚቀር የለምና ነፍሳቸውን በስሟ ጠርቶ ያስገባልን።

ጽሑፉ እዚህ ማለቅ ነበረበት፤ እስካሁንም «ወንድማቸው» እያልኩ ከራሴ ጀርባ ተደብቄ አነበብኩ። አሁን የአዳራሹ ሰው ይነሣና ስማቸውን ሦስት ጊዜ ይጠራል። ማንም አይመልስም። ማስመሪያውና ብዕሩ እኔ ዘንድ ነው፤ የዚህኛው መስመር ቀለም ነው፣ በላጲስ አይለቅም። መስመሩ ቀጥ እንዲልልኝ ጸልዩልኝ፣ የተጣመመ መስመር አይወዱም ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የመጣሁት። በሩ ተዘግቷል፤ አርዲስ፣ ውስጥ ነኝ።